ለቀብር ተጠርቼ ጓሳ ሜዳ የሄድሁ ጊዜ

ጓሳ ሜዳን ከእናንተ መካከል ያየ የለም፤ ወደፊትም የሚያይ የሚኖር አይመስለኝም። ደባርቅን አልፎ የመኪናው መንገድ ከሚያበቃበት ቦታ ሦስት ሰዓት በበቅሎ የሚያስኬድ፣ ክረምቱን ሙሉ ጉም የማይለየው አገር ነው። እኔ ግን በሰባ ስድስት ዓመቴ፣ በነሐሴ ጭቃ፣ የፍልሰታን ጾም ይዤ ሄጄ ተመልሻለሁ። በዚህ ዕድሜ ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው ጎንደር አራዳ ውስጥ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

የተጠራሁት ለቀብር ነበር። የእኅቴ ልጅ አዱኛ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ደወለልኝ፤ እዚያ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው።

«አያ ደምሴ፣ እናቴ ከተኛች ሁለት ሳምንት ሆናት። አሁን ደግሞ አእምሮዋ ሄዷል፣ ሰው አትለይም። ጸሎተ ቀንዲልም ደርሶላታል። ለአፈሩ ይድረሱልን።»

«ሰው ላስነሳ እንጂ ሰው ልቀብር አልመጣም» አልሁት። «በቅሎዋን ይዘህ መንገድ ላይ ጠብቀኝ።»

ይህን ያልሁት በጉራ አይደለም። ለማያውቀኝ ልንገረው። ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ የገባሁት መጥረጊያ ይዤ ነው፤ የወጣሁት ግን ድሬሰር ሆኜ፣ ሠላሳ ዓመት ቁስል አጥቤ፣ መርፌ ወግቼ ነው። ያስተማረኝ የለም። አንድ ቀን ከመጋዘን ወጥቶ ሊቃጠል ከተከመረ ወረቀት ውስጥ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘሁ። ሰው ከተወለደበት ቀን እስኪያረጅ ድረስ በየዕድሜው እንዴት እንደሚታከምና እንዴት እንደሚያዝ የሚናገር የነርሶች መጽሐፍ ነው። መዝገበ ቃላት ተውሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ በአራት ደብተር ወደ አማርኛ ገለበጥሁት። የመጨረሻውን ምዕራፍ፣ የሽማግሌውን፣ አይጥ በልቶት ነበር፤ እሱን ከራሴ አእምሮ ሞላሁት። አራቱም ደብተሮች እስከ ዛሬ አሉ። ለጉዞው ሁለቱን በቦርሳዬ ያዝሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ማለዳ፣ ከጎንደር መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣን። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ አሥራ አምስት ሰው የሚተነፍሰውን አየር እየተቀባበልን መተንፈስ ጀመርን። ከጎኔ አንዲት ወጣት እናት ስምንት ወር ገደማ የሚሆነው ልጅ ታቅፋለች። ልጁ የሱፍ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ፎጣ፣ በዚያ ላይ ጋቢ ለብሷል። ፊቱ በርበሬ መስሎ ያቃስታል። ሕፃን ያመመውን አይናገርም፤ አስታማሚው በዓይኑ መስማት አለበት። ግንባሩን ነካሁት።

«እኅቴ፣ ይህ ልጅ ትኩሳት አለው። ልብሱን አቅልይለት፤ ልብሱ ነው የሚያነደው።»

«ብርድ መታብኝ እኮ አባቴ!»

ኮፍያውን እንድታወልቅ አደረግኋትና መስኮቱን በመዳፌ ስፋት ከፈትሁት። ከኋላ አንዱ ጮኸ።

«አያ፣ ይዝጉት! ንፋስ ሊያስመቱን ነው?»

«ንፋስ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

«አጎቴን ገድሎታል!»

ሹፌሩ ሳይዞር «አጎትህን የገደለው አረቄ ነው፤ አብረን ነው የጠጣነው» አለ። መኪናው በሳቅ ተናጋ፣ መስኮቱም እንደተከፈተ ቀረ። አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ጡት ያዘ። ዳባት ላይ እናቱን አስወርጄ ጤና ጣቢያው ወዴት እንደሆነ አሳየኋት፤ ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ መታየት ነበረበት። መንገደኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለኝ ጀመር። አልከለከልኋቸውም።

ዳባት ላይ ግን ሌላም ነገር ሆነ። በኔ ዕድሜ ፊኛ የራሱ ጌታ ነው። ከመንገዱ በላይ ወጥቼ ስመለስ ጭቃው አንሸራተተኝና በመቀመጫዬ እስከ መንገዱ ዳር ተንሸራተትሁ። ጎንደር ቢሆን አስፋልት ነው፤ ሰው ቢወድቅ ይጎዳል እንጂ አይቆሽሽም። ደባርቅ የደረስሁት ሱሪዬ እንደ ጡብ ደርቆ ነው።

ደባርቅ ያደርሁት የጥንት ወዳጄ አያ ሰይድ ቤት ነው። አያ ሰይድ ወገኖቹ የአራዳ ነጋዴዎች የሆኑ ሙስሊም ሰው ነው፤ ወደ ደባርቅ ጨው ሊነግድ መጥቶ በዚያው ቀረ። ሱሪዬን ባለቤቱ አጠበችልኝ፤ እስኪደርቅ የእሱን ሰጠኝ፣ ጉልበቴ ላይ አለቀ። ሰይድ አየኝና «ደምሴ፣ ፖሊስ መሰልህ፣ የጣሊያን ጊዜ ፖሊስ» አለኝ። በሌላ ወቅት ቢሆን ሥጋው ስለማይገናኝ ለየብቻ እንበላ ነበር። በጾም ግን ሽሮና ምስሩ የማንም ነውና ከአንድ ትሪ ቆረስን። እኔ ከማለዳ ጀምሮ አልቀመስሁም ነበር። ጎንደር ቤቴ በአንድ ብርድ ልብስ የምተኛውን ሰውዬ፣ እዚያ ሦስት ደረቡልኝ።

የሰይድ የልጅ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ ጥግ ይዛ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች፤ አትናገርም፣ አትበላም። ደብተሬ የዚህን ዕድሜ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ሴት አያቷን ገለል አድርጌ፣ በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ ሰውነቷ ሲለወጥ ታፍራለች፣ ቀስ አድርገው ያናግሯት፣ አይቆጧት ብዬ ረጅም ምክር ሰጠሁ። ሴትየዋ በትዕግሥት ሰምታኝ ስታበቃ «ኧረ አያ፣ መንጋጋዋን ነው የሚያማት» አለችኝ። ምክሩ ምክር ነው፤ ዛሬ ባያስፈልግ ነገ ያስፈልጋል። ቅርንፉድ አስነክሻት ቢያንስ ምሳዋን በላች።

ሰይድ ወዴት እንደምሄድ ሲሰማ «የወንድሜ ልጅ ሐያት እዚያው አካባቢ ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ልደውልላት» አለ።

«እኔ እያለሁ ነርስ ምን ያደርጋል?»

«አንተ ያለኸው ሱሪዬ ውስጥ ነው» አለና ስልኩን አነሣ።

ሁለተኛው ቀን

ጭነት በያዘ አይሱዙ፣ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ፣ እስከ መንገዱ ማለቂያ ሄድሁ። አዱኛ በቅሎዋን ይዞ ጠበቀኝ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። ሦስት ሰዓት ስንሄድ ያየሁትን ልንገራችሁ ብል ጉም ነው፤ ከጉሙ ውስጥ አንዳንዴ ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል፣ አንዳንዴ የገብስ ማሳ፣ አንዳንዴ የአዱኛ ጀርባ ብቅ ይላል። አገሩ ሸጋ ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት የበቅሎዋን ጆሮ ነው።

ቤቱ ስንደርስ ጠያቂው ጎረቤት ግድግዳውን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተቀምጧል፤ ልክ እንደ ለቅሶ ቤት። እኅቴ እት ብርቄ በውስጠኛው መደብ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። እኔን ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ግን እፍኝ የምትሞላ አጥንት ሆናለች። ወደ እሷ ጎንበስ ስል በሞተው በአባታችን ስም ጠራችኝ።

«ይኸው እንዲህ ናት» አለች ዝና፣ የአዱኛ ሚስት። «ማታ ማታ ትንሽ ትመለሳለች፤ ጠዋት ጠዋት የለችም።»

ይህን ልብ በሉልኝ። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ጠያቂውን ሁሉ በትሕትና አስወጣሁ። ውኃ አስሞቅሁ። ዝና ስትገልጣት ወገቧ ላይ የሲኒ አፍ የሚያህል የመኝታ ቁስል አገኘሁ፤ ሰው በአንድ ጎን ብቻ ሲተኛ አጥንቱና መደቡ ሥጋውን መካከል ላይ ይፈጩታል። በጨው ውኃ አጠብሁት፣ ንጹሕ ጨርቅ አሰርሁበት። አጥንት በሚወጣበት ሁሉ የበግ ለምድ እንዲደረግና በየሁለት ሰዓቱ ጎኗ እንዲለወጥ አዘዝሁ። በዚህ ማንም አይበልጠኝም፤ ዛሬም እላለሁ።

ከዚያ ማብላት ቀረ። አይጥ በበላው ቦታ ላይ በገዛ እጄ የጻፍሁት «ሽማግሌ ወደ ሕፃንነቱ ይመለሳልና እንደ ሕፃን ያዘው» ይላል። ስለዚህ አጥሚት በማንኪያ ይዤ «እሰይ የኔ ሚሚ! በይ አፍሽን! ይኸው ወፏ መጣች!» እያልሁ ማንኪያውን እንደ ወፍ አበረርሁት። እት ብርቄ ጥርሷን ገጠመች። ማንኪያውን አስጠጋሁ። በዚያ በደከመ እጇ መታችኝና አጥሚቱ ጢሜ ላይ ቀረ።

ሦስተኛው ቀን

እንደ ትናንቱ። ጠዋት ተሟገትን፤ ዘፈንሁላት፣ አጨበጨብሁ፣ ተቆጣሁ። አንድ ጠብታ አላስገባችም። ሽንቷ በቀን አንዴ ነው፣ እሱም ጥቂት፣ ቀለሙ የጠላ። ጻፍሁት። ከሰዓት በኋላ እኔ ቁስሉ የሚታሰርበትን ጨርቅ ውጭ ስቀቅል ዝና ሁለት ጉርሻና ትንሽ ውኃ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። «ለኔ እምቢ ብላ ላንቺ እሺ ትላለች?» ብዬ ከፋኝ።

ምሽት ላይ አዱኛ ከቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ለማስቆፈር ለሰዎች መናገር እንዳለበት አማከረኝ። አካፋውን ሸሸግሁበት።

አራተኛው ቀን

ረፋድ ላይ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ የተለሰነች ልጅ ገባች። ሐያት ናት፣ የሰይድ ወንድም ልጅ። ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታለች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። «ሲስተር፣ ሁሉን ነገር ጨርሼልሻለሁ፤ ለምስክርነት ያህል እዪ» አልኋት። ቁስሉን አየች። «ይህን ያሰሩት እርስዎ ነዎት? በጣም ንጹሕ ነው» አለች። ስለዚህ ወደድኋት።

ከዚያ ያደረገችው ነገር ገረመኝ። መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን ከእት ብርቄ ፊት እኩል አድርጋ፦

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ሐያት እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። እጅዎን እንድይዝ ይፈቅዱልኛል?»

እት ብርቄ አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ እጇን ሰጠቻት። እኔ በሁለት ቀን እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም።

ሐያት የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደቆመ ቀረ። ምላሷን አየች፤ ምላሷ የደረቀ ቅጠል ነበር። ወደ ዝና ዞረች።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው ውኃ የሚጠጡት?»

«አንዴ። ከሰዓት በኋላ፣ ቅዳሴ ሲያበቃ።»

«ጠዋትስ?»

ዝና ግራ ገባት። «ጾም አይደለም እንዴ?»

እኔ በሽተኛ አይጾምም ብዬ ስለማምን፣ ቀንዲል የደረሰለት ሰው ጾም ይይዛል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም። እነሱ ደግሞ በፍልሰታ መጾሟን ለሰው መናገር እንደሚያስፈልግ በሕልማቸውም አላሰቡም። በጓሳ ሜዳ የሰባት ዓመት ልጅ ሳይቀር ፍልሰታን ይጾማል፤ ማን ይነግረኛል? ሽንቷን መዝግቤ፣ ቁስሏን ለክቼ፣ የጥርሷን ቁጥር ሳይቀር ጽፌ፣ ይህችን አንዲት ነገር አልጠየቅሁም። አዱኛም ለካ ውኃ የማይሰጣት ለነፍሷ አዝኖ ነው።

«አእምሯቸው አልሄደም» አለች ሐያት። «ተጠምተዋል። ከታመሙ ጀምሮ ብዙም አልጠጡም፣ ሽንታቸውም ሳይመረዝ አልቀረም። እንዲህ ከቀጠለ የተባለው ቀብር ይደርሳል። ከጠጡ ግን ይነሣሉ ብዬ አስባለሁ።»

ማንኪያዬን አነሣሁ። ሐያት እጄን ያዘችና ወደ ደጅ አወጣችኝ።

«አያ ደምሴ፣ ለምንድን ነው እንደ ሕፃን የሚያናግሯቸው?»

«መጽሐፉ ነዋ!»

ደብተሩን አሳየኋት። ቆማ አነበበች። የሕፃኑን፣ የልጁን፣ የጎልማሳውን ገጽ እያነበበች ራሷን ነቀነቀች፤ ጥሩ ነው፣ ይህ ልክ ነው አለች። መጨረሻው ላይ ቆመች።

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«አይጡ የበላውን እኔ ሞላሁት።»

«አያ፣ ሕፃን እምቢ የሚለው ስላላወቀ ነው። እሳቸው እምቢ የሚሉት ስለሚያውቁ ነው። ሰማንያ ዓመት የጾመ ሰው ማንኪያ ሲበርር አይቶ ጾሙን ይተዋል? እርስዎ ይተዋሉ?»

መልስ ነበረኝ፤ ዝናቡ ስለጀመረ ተውሁት።

«እኔ ደግሞ ሙስሊም ነኝ» አለች ቀጥላ። «ጾምዎን ይተዉ ብዬ ልነግራቸው አልችልም፣ ደግ አይሆንም። ይህን የሚያውቅ የንስሐ አባታቸው ነው።»

ወዲያው ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ። ጤነኛ ሰው በአሥር ደቂቃ የሚደርስበት ኮረብታ ነው፤ እኔ ሃያ ፈጀሁ። ቅዳሴው እስኪያበቃ ደጀ ሰላም ላይ ዝናብ ወረደብኝ። የእት ብርቄ የንስሐ አባት ቄስ ሞላ ሲወጡ ያዝኋቸው።

«አባ፣ እኅቴን በውኃ ጥም እየገደልናት ነው። ጾሙን ይፍቱላት።»

«እኔ ከለከልኋት እንዴ?» አሉ ቄስ ሞላ። «ገና ጾሙ ሲገባ ፈትቼልሻለሁ ብያታለሁ። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አባ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የጠረግሁትን ደጅ በመጨረሻው ቀን አላቆሽሽም› አለችኝ። ታዲያ አፏን በጉልበት ልክፈት?»

ቆሜ አሰብሁ። ውኃው ከአናቴ ወደ አንገቴ ይወርዳል። እኔ ደምሴ፣ እንግሊዝኛን በመዝገበ ቃላት የረታሁ ሰው፣ በአንዲት አሮጊት አልረታም አልሁ።

«አባ፣ ፈቃድ ሲሰጧት እምቢ አለች። ትእዛዝ ሲሰጧትስ እምቢ ብላ ታውቃለች?»

ቄስ ሞላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ሳቁ። «አታውቅም» አሉ። «አንተ ልጅ፣ የቆሎ ትምህርት ቤት ብትገባ ኖሮ ታስቸግረን ነበር።» ሐሳቡ የማን ነው ቢባል እንግዲህ ታውቁታላችሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ፣ እት ብርቄ የዕለቱን ሁለት ዋንጫ ውኃ ጠጥታ ዓይኗ ሲጠራ፣ ሁላችንም መደቡን ከበብን። ቄሱ ሊናገሩ ሲሉ ሐያት ቀደመች።

«እማማ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ እስከዚያች ሰዓት የጠየቃት አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

እት ብርቄ ከንፈሯን አረጠበች። «በማርያም ዕለት፣ ጾሙ ሲፈታ፣ በእግሬ ሄጄ መቁረብ» አለች። «በቃሬዛ አልገባም። ሬሳ ነው በቃሬዛ የሚገባ።»

ቄስ ሞላ መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲያስ ስሚኝ ብርቄ። ቀኖና ሰጥቼሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ፀሐይ ስትወጣ አንድ ዋንጫ፣ ከዚያም በየሰዓቱ አንድ አንድ ዋንጫ፣ ይህች ልጅ የምትበጠብጥልሽን ውኃ ትጠጫለሽ። መድኃኒቷንም ከምግብ ጋር ትውጫለሽ። አንድ ዋንጫ ብታስታጉዪ አላቆርብሽም።»

«ይህ ቀኖና ነው?»

«ቀኖና ነው።»

«ለምን ኃጢአት?»

«ለግትርነትሽ» አሉ ቄስ ሞላ።

እኅቴ መስቀሉን ተሳለመች። «ስጡኝ» አለች። እኔ ዋንጫውን ወደ አፏ ላደርስ ስል ሐያት ክንዴን ይዛ ዋንጫውን ለእኅቴ አስጨበጠቻት። ግማሹ ውኃ አንገቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ያን ጊዜ እጄን ሰብስቤ መቀመጥ ነበር።

ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን

ሐያት የሽንቱን ምርመራ አድርጋ መድኃኒቱን በአዱኛ ላከች፤ በየሦስት ቀኑም ያን ጭቃ እየቧጠጠች መጣች። ጎንደር ውስጥ ታክሲ አንድ ፌርማታ ቢያሳልፈን የምንራገም ሰዎች ይህችን ልጅ ማየት ነበረብን።

ስድስተኛው ቀን ጠዋት ቁስሉን ላጥብ ስጠጋ እት ብርቄ ጥርት ባለ ዓይን አየችኝ።

«አንተ ደምሴ፣ ‹ሚሚ› ስትለኝ የነበርኸው አንተ ነህ?»

«ትሰሚ ነበር እንዴ?»

«ንፍጡን በቀሚሴ የጠረግሁለት ሰውዬ፣ ወፍ መጣች ይለኛል! ምነው ወፏን ጢምህ ላይ በቀረው አጥሚት ብታበላት?»

ዝና ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የሚሳደብ በሽተኛ ይድናል። ይህ ከደብተሬ ውጭ ነው፣ ከልምዴ ነው።

ያን ዕለት ተቀመጠች። ሰባተኛው ቀን እግሯን ከመደቡ አወረደች። ስምንተኛው ቀን ቆመችና ጉልበቷ ከዳት፤ እኔ ይዣት ሁለታችንም መደቡ ላይ ወደቅን። ስንነሣ ማን ማንን እንዳነሣ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ በቀን አራት ጊዜ፣ መጀመሪያ እስከ ምሰሶው፣ ከዚያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ደጁ ድንጋይ። «ደከመኝ» ስትል «ተቀመጪ» እላታለሁ፤ «ልሸከምሽ» ማለት ከአፌ እንዳይወጣ ምላሴን እነክሳለሁ። ፊቷን ራሷ ታጠበች። ጸጉሯን ራሷ ሸፈነች። ቁስሉ ከጫፉ ቀይ ሥጋ እያበቀለ ጠበበ። የጎረቤት ልጆች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ስትራመድ ይቆጥሩላታል፤ ከሃያ በላይ መቁጠር የማይችሉት እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

መቁረብ የሚፈልግ አሥራ ስምንት ሰዓት ምንም ሳይቀምስ መቆየት አለበት። ሐያት ተጨነቀች። ከቄስ ሞላ ጋር ተቀምጠው እንደ ሁለት ሽማግሌ ሲደራደሩ አየሁ፤ የመድኃኒቱ ሰዓት እንዲለወጥ፣ በዋዜማው ጠዋት በብዛት እንድትጠጣ፣ በማግስቱ ብትደክም እንዲተው ተስማሙ። አንዷ ሙስሊም ነርስ፣ አንዱ ቄስ፣ ስለ አንዲት አሮጊት ውኃ። ይህን ስመለስ ደባርቅ ላይ ለሰይድ ስነግረው ሻሹን አስተካከለ።

የማርያም ዕለት

ጉሙ ያን ቀን ከማለዳው ተገፎ ነበር፤ አገሩ በእርግጥም ሸጋ ነው። አዱኛና ሦስት ጎረቤቶች ቃሬዛ አዘጋጅተው ከኋላ መጡ። እኔ በርጩማ ተሸከምሁ። እት ብርቄ ነጭ ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ከደጁ ወጣች።

አሥር እርምጃ፣ በርጩማ። አሥራ አምስት እርምጃ፣ በርጩማ። ሰው ሁሉ እያለፈን ወጣ። ቅጥሩ በር ላይ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ከደጀ ሰላሙ በታች ያለው ዳገት ላይ ቆመች። ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል። ትቀመጥ ዘንድ በርጩማውን አስጠጋሁ፤ ራሷን ነቀነቀች። ከተቀመጠች እንደማትነሣ አውቃዋለች። አዱኛ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቃሬዛውን መሬት ላይ አደረገው።

«እናቴ፣ ይበቃል፤ ማርያም አይታለች። እንሸከምሽ።»

እጁን ዘረጋ። ከሠላሳ ዓመት ሥራዬ ሁሉ ጮክ ብዬ የተናገርሁት ያን ጊዜ ነው።

«አትንካት!»

ሁሉም ቆሙ። እኔም እጄን ከኋላዬ አጣምሬ ያዝሁ፤ ካልያዝሁት እኔው እደግፋት ነበር። እት ብርቄ ማንንም አላየችም። ምርኩዟን አንድ ጊዜ ወደ ላይ አደረገች። እግሯ ተከተለው። እንደገና ምርኩዙ፣ እንደገና እግሩ። በሩን ስታልፍ የቅጥሩን ድንጋይ በእጇ ነካችው።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ከቅዳሴ በኋላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች፤ የቆረበ ሰው አይናገርም። ብዙ የምላት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። በርጩማውን አነሣሁና ጎን ለጎን ቁልቁለቱን ወረድን።

መመለሻ

ሐያት ቁስሉን እሷ እንደምትከታተል ነገረችኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁባቸውን ሁለቱን ደብተሮች ለጤና ጣቢያው ተውሁላት፤ የመጨረሻውን ገጽ ግን ቀደድሁት። በማግስቱ ማለዳ አዱኛ በቅሎዋን ጫነ። ዝና ገብስ ቆሎ በከረጢት ሞላችልኝ። እንግዳ ከቤት አይሸኝም፣ መንገድ ላይ ነው የሚሸኝ፤ ይህ የጓሳ ሜዳ ልማድ ነው። እት ብርቄ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች።

«ተይ፣ እዚሁ ይበቃል» አልኋት።

«ዝም ብለህ ሂድ።»

ግቢውን አልፋ፣ የድንች ማሳውን ታክካ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ እስከሚታጠፍበት ድረስ መጣች። እዚያ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። በቅሎዋ ላይ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን ድምፅዋ መጣ፣ ኮረብታውን የሚያዳርስ፣ ውኃ የጠገበ ድምፅ።

«አዱኛ! ቀስ አድርገህ ውሰደው፣ ሽማግሌ ነው!»

አዱኛ አልሳቀም፤ ትከሻው ግን ተንቀጠቀጠ። እኔ ኮርቻው ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ።